ሱቆቹ የት ሄዱ? ስለ ነባር የንግድና የእጅ ሥራ ቤቶች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በከተማችን የንግድ ቦታዎችን ለመደልደል፣ ለማዛወርና ለማደስ ኃላፊነት ለተሰጠው መሥሪያ ቤት
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ነባር ሱቆችና የእጅ ሥራ ቦታዎች ከመነሳታቸው በፊት እንዲመዘገቡ፣ አዲስ አድራሻቸው ለሕዝብ እንዲታወቅ፣ ሻጭና ሠሪም ሳይለያዩ እንዲዛወሩ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፦

ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው በአዲስ አበባ እንግዶችን በእግር እያዘዋወርን የምናስጎበኝ ሰዎች ነን። ሙዚየምና ቤተ ክርስቲያን ማሳየት የሥራችን አንድ ክፍል ነው። ይሁን እንጂ ከአውሮፓ የመጣው ጎብኚም ሆነ ለልጇ ሠርግ ከዋሽንግተን የገባችው እናት ገና ቡና ሳይጠጡ የሚጠይቁን ስለ ሱቅ ነው፤ ጥሩ ጥበብ የት ይሸጣል፣ መስቀል የሚሠራው ማነው፣ የድሮ የሙዚቃ ሸክላ የሚገኘው የት ነው፣ አባቴ ሱፍ ያሰፋበት የነበረው የፒያሳው ልብስ ሰፊ ዛሬም አለ ወይ እያሉ። ለእነዚህ ጥያቄዎች በልበ ሙሉነት መልስ መስጠት የምንችልበት ጊዜ እያለፈ ነው።

ከዚህ ቀደም ስጋታችንን በጽሑፍ አቅርበን ነበር። የደረሰን መልስ የንግድ ቤት ተነሺዎች በመመሪያው መሠረት መስተናገዳቸውን የሚገልጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሲሆን፣ ያነሳናቸውን ነጥቦች አንዱንም አልነካም። ጉዳዩን በአደባባይ ለማቅረብ የተገደድነው በዚህ ምክንያት ነው።

በቅድሚያ ግልጽ መሆን ያለበት ነገር አለ። የመንገድ መስፋትንና የእግረኛ መሄጃ መሠራትን አንቃወምም፤ በየቀኑ በእግራችን የምንሄደው እኛው ነንና ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የሚወስደው መንገድ ዛሬ ለሚጓዝበት ሰው ከቀድሞው እንደሚሻል ማንም ሳይነግረን እናውቃለን። ያረጀ ቤት ሁሉ ይቆይ የሚል ጥያቄም የለንም። ቅሬታችን ቤቶቹ ሲነሱ በውስጣቸው የነበረው ሥራ እንደ ሥራ ሳይታይ፣ ሳይመዘገብና ሳይጠየቅ አብሮ እንዲበተን መደረጉ ነው።

ይህ የሆነው ግን በክፋት አይመስለንም፤ በአሠራሩ ውስጥ ያለ ክፍተት ነው። ፒያሳ ከጣሊያን ወረራ በፊት አራዳ የሚባለው የከተማዋ ዋና ገበያ የነበረበት ሰፈር ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን የአገሬው ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ተገፍቶ የዛሬው መርካቶ ሲቆረቆር፣ ፒያሳ ግን የሕንድ፣ የአርመን፣ የግሪክና የየመን ነጋዴዎች ያቆሟቸውን ሱቆች እንደያዘ ቆየ፤ ከነጻነት በኋላም የወርቅ ቤቱ፣ የሰዓት ሠሪው፣ የልብስ ሰፊው፣ የፎቶ ቤቱና የኬክ ቤቱ ሰፈር ሆነ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ ከእነዚህ ሱቆች ብዙዎቹ በቀበሌ ወይም በመንግሥት ኪራይ ቤትነት ተያዙ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የፊት ለፊቱ ክፍል በአንድ ሰው ስም ውል ሲኖረው፣ ከጀርባ ያለችው ጓዳ ለአንጥረኛ፣ ደረጃው ሥር ያለችው ጥግ ለሰዓት ሠሪ፣ የግቢው ዳስ ደግሞ ለቁልፍ ቀራጭ በቃል ስምምነት ትከራይ ጀመር። እንግዲህ መዝጋቢው ውል ይዞ ሲመጣ የሚያገኘው አንድን ሰው ነው። የተቀሩት በየትኛውም ወረቀት ላይ የሉም፤ ስለዚህ ሲነሱም አልተነሱም።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል በአንድ ወርቅ ቤት እናሳያችሁ። ባለሱቁ ፊት ለፊት በመስታወት ሣጥን ውስጥ ቀለበትና መስቀል ደርድሮ ይሸጣል። ከኋላው በግቢው ውስጥ ከአንድ አልጋ በማትበልጥ ክፍል አንጥረኛው ተቀምጦ የብር ሽቦ ይስባል፤ ሽቦው መጠናቸው እያነሰ በሚሄድ ቀዳዳዎች በተበሳ ብረት ውስጥ ደጋግሞ እየተጎተተ እንደ ክር ከቀጠነ በኋላ፣ ሁለቱ ይገመዱና በመቆንጠጫ እየተጠቀለሉ በመስቀሉ ክፈፍ ውስጥ ይሰደራሉ። ከዚያ በኋላ ነው ብየዳው የሚመጣው፤ እሳቱ ጥቂት ከበዛ የቀኑ ሥራ ሁሉ ቀልጦ አንድ ጠብታ ይሆናል። እንግዶቻችንን ወደዚያች ክፍል እናስገባቸው ነበር፤ ያዩትን ካዩ በኋላ ስለ ዋጋው የሚከራከር አልነበረም። አያቷ የተወላትን የተሰበረ መስቀል ይዛ የመጣች ሴት ቡናዋን ጠጥታ እስክትመለስ ተጠግኖ ይጠብቃት ነበር። ሲነሱ ባለሱቁ ውል ስላለው ምትክ ሱቅ አገኘ። አንጥረኛው ስለሌለው ምንም አላገኘም፤ ዛሬ ከከተማው ዳር ባለ የጋራ መኖሪያ ሕንጻ ውስጥ፣ ጎረቤት በጭሱና በመዶሻው ድምፅ እየከሰሰው ይሠራል። መስቀሉ ሰው ይዞት ሄዶ ሰው ይዞት ይመለሳል፤ ጥገናው ሳምንት ይፈጃል፤ የሳምንት ጊዜ የሌለው እንግዳ ደግሞ ከውጭ የገባውን፣ በማሽን የታተመውን ገዝቶ ይሄዳል። ባለሱቁም ራሱ እየተማረረ ወደዚያው እያዘነበለ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን የአድራሻ ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ ሰፈርና አካባቢው ሲነሱ በዚያ የነበሩ የንግድ ቤቶች ወደ ተለያዩ የከተማው ማዕዘናት ሄደዋል። በሌሎችም መስመሮች የሆነው ይኸው ነው። በተነሱበት ቦታ ግን «ይህ ቤት ወደ እገሌ ሰፈር ተዛውሯል» የሚል አንዲት ሰሌዳ፣ በመሥሪያ ቤታችሁም ሄዶ የሚጠይቁት አንድ መዝገብ የለም። ልብስ ሰፊው ዘንድ ልኩን ሰጥቶ የሄደ፣ ሰዓት ሠሪው መሳቢያ ውስጥ የአባቱን ሰዓት ያስቀመጠ፣ ፎቶ ቤቱ ውስጥ የሠርጉን ነጋቲቭ የተወ ሰው አጥሩ ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ይጠይቃል። ለብዙ ጊዜ ይህን መረጃ ይዘው የቆዩት የአካባቢው ሊስትሮዎችና ጀበና ቡና የሚያፈሉት ሴቶች ነበሩ፤ ማን ወዴት እንደሄደ፣ ስልኩን ማን እንደያዘ እነሱ ያውቁ ነበር። ከዚያ እነሱም ተነሱ። ዛሬ አንድ የድሮ ደንበኛ ሱቁን የሚያገኘው በዕድል ነው። በየመንደሩ የተበተነው ነጋዴ ደግሞ ከሰላሳና ከአርባ ዓመት ደንበኞቹ መካከል ስንቱ እንደተከተለው ከእኛ ይልቅ ለእናንተ ሊነግር ይችላል፤ ጠይቁት።

ነጋዴው ቦታ ተሰጥቶታል ይባላል፤ ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ይሁንና የተሰጠው ቦታ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በመርካቶ ነጋዴዎች በአክሲዮን ተደራጅተው ባሠሯቸው ሕንጻዎች ውስጥ ምድር ቤቱና አንደኛው ፎቅ ሲጨናነቅ ከሦስተኛው በላይ ያለው መጋዘን ሆኖ እንደሚቀር ለንግድ ሰው መንገር አያስፈልግም። አላፊ አግዳሚ የሚያያት ሰዓት ሠሪ፣ አሳንሰር ተሳፍሮ የሚፈልጋት ሰው አይኖራትም። የመርካቶ ጥበቡ ተራው ነው፤ ጎማ ተራ፣ በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ እየተባለ አንድ ዓይነት ሥራ ያለው ሁሉ ጎን ለጎን ስለሚቀመጥ ገዢው ዋጋና ጥራት አወዳድሮ ይገዛል፣ አንዱ ጋ ያጣውን ሌላው ያበድረዋል። ምን አለሽ ተራ ሄዳችሁ ቢሆን የዘይት ቆርቆሮ እንዴት ወንፊትና ኩራዝ፣ በርሜል እንዴት ምድጃና የከሰል ማንደጃ፣ የተጣለ ጎማ እንዴት የውኃ መቅጃ እንደሚሆን ታዩ ነበር። አንዱ ይቆርጣል፣ ሁለተኛው ያጥፋል፣ ሦስተኛው ይበይዳል፣ አራተኛው ይሸጣል፤ ዕቃው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው በእጅ ነው። እነዚህን አራት ሰዎች በአራት ክፍለ ከተማ ብታስቀምጧቸው እያንዳንዱ ቦታ አግኝቷል ማለት ይቻላል፤ ወንፊት ግን አይሠራም።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በሸማ ተራ የተነሳው ቃጠሎ የብዙ ሰው ንብረት ያወደመ መሆኑን አንረሳም፤ የእሳት አደጋ መኪና የማያስገባ ጠባብ መንገድ መቆየት አለበት የሚል ሰው ከመካከላችን የለም። የምንጠይቀው መንገዱ ሲሰፋም ሆነ አዲስ ሕንጻ ሲሠራ ተራው እንደ ተራ እንዲቀመጥ ነው።

የማስታወቂያ ሰሌዳ ጉዳይ ትንሽ ሊመስል ይችላል። በታደሱ አንዳንድ መስመሮች ሱቆች ሁሉ በአንድ ዓይነት ቀለም፣ በአንድ መጠንና በአንድ ዓይነት ፊደል እንዲለጥፉ ታዘዋል። ከሩቅ ሲያዩት ሥርዓት ያለው ነው። ቀረብ ሲሉ ግን መድኃኒት ቤቱና ጫማ ቤቱ አይለዩም፤ በቀለም ቅብ የተሣለው የፀጉር አስተካካዩ ራስ፣ በመቀስ ቅርጽ የተቆረጠው የልብስ ሰፊው ቆርቆሮ፣ አባትየው በገዛ እጁ የጻፈው የቡና ቤት ስም በአንድ ቀን ወርደዋል። በግል ያነጋገርናቸው ባለሱቆች እንደነገሩን የወረደውን ሰሌዳ ወደ ቤታቸው ለመውሰድ እንኳ ጊዜ ያላገኙ አሉ። በ1940ዎቹ አጋማሽ የተከፈተው ቶሞካ ዛሬም ቆመው ቡና የሚጠጡበት ቤት ሆኖ ከየአገሩ ሰው የሚመጣለት በቡናው ብቻ አይደለም፤ ቤቱ የትም የሌለ የራሱ መልክ ስላለው ጭምር ነው። ይህን መልክ ለአንድ ታዋቂ ቤት ፈቅዶ ስሙ ላልታወቀው ሰዓት ሠሪ መከልከል ፍትሐዊ አይደለም።

ስለ ሽሮ ሜዳ ሰፋ አድርገን ለመጻፍ እንገደዳለን፤ እንግዶቻችን ገንዘባቸውን በብዛት የሚያወጡት እዚያ ነውና። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩት የሐበሻ ልብስ ሱቆች ያለ ሸማኔው ምንም አይደሉም፤ ሸማኔው ደግሞ በአብዛኛው ከጋሞ ደጋ፣ በተለይም ከዶርዜ ወደዚህ የመጡ አባቶችና የልጆቻቸው ልጆች ናቸው። በጉለሌና በአዲሱ ገበያ ባሉ ጠባብ ክፍሎች ጉድጓድ ቆፍረው እግራቸውን አውርደው፣ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ እየላኩ የሚያወጡት ጥለት ለአንድ ቀሚስ ብቻ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። አሁን በዚያው ገበያ፣ በዚያው መስቀያ ላይ፣ ከውጭ የገባ በማሽን የታተመ ጨርቅ «የእጅ ሥራ» ተብሎ ጎን ለጎን ይሸጣል።

እኛ መለያውን እናውቃለን። ጥበቡን ገልብጦ ማየት ነው፤ በእጅ የተሸመነው ከጀርባው የቀለም ክሩ ሲሻገር ይታያል፣ ጣት ሲያልፍበት ይቆረቁራል፣ የነጠላው ዘርፍም በእጅ የተቋጨ ስለሆነ አንዱ ከሌላው ጥቂት ይለያል። የታተመው ጀርባው ነጣ ያለና ልሙጥ ነው። ይህን ለእንግዶቻችን በሹክሹክታ ስንነግራቸው ሻጮች ይቆጡናል፤ ካልነገርናቸው ደግሞ ሆቴላቸው ገብተው ሲያጥቡት ቀለሙ ይለቅና አታላይ የምንባለው እኛ ነን። ከመካከላችን አንዷ ባልደረባችን እውነቱን በመናገሯ ደንበኛ ታባርራለች ተብላ ወደ አንድ የሱቆች ረድፍ ሁለተኛ እንዳትገባ ተከልክላለች። አቤት ባለችበት ቢሮ የተነገራት የግል ጸብ ነው፣ በሽማግሌ ጨርሱ የሚል ነበር። ሸማኔው በበኩሉ የታተመው ጨርቅ በሚሸጥበት ዋጋ ፈትሉን እንኳ መግዛት አይችልም። የታተመ ጨርቅ አይሸጥ አላልንም፤ ገንዘቡ የማይፈቅድለት ሰውም ለበዓል ይለብሳል። የታተመው ታተመ፣ የተሸመነው ተሸመነ ተብሎ በግልጽ ይሸጥ ነው የምንለው። ከዚሁ ከተማ ሳንወጣ እንደ ሳባሐር ያሉ የሽመና ቤቶች ሠሪውንና አሠራሩን ለገዢ እያሳዩ በተሻለ ዋጋ መሸጥ እንደሚቻል አሳይተዋል፤ የአለርት ሆስፒታል የጥልፍ ሥራም በዚሁ መንገድ ለዓመታት ገዢ አላጣም።

ስለ መጽሐፍና ስለ ሙዚቃ በአጭሩ። በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ዘርግተው የሚሸጡ ሰዎች፣ ከየትኛውም መደብር የጠፋ ቅጽ የሚያፈላልጉልን እነሱ ሆነው ሳለ፣ እንደ ማንኛውም ሕገ ወጥ ጎዳና ንግድ ተቆጥረው ዛሬ ተነሱ ነገ ተመለሱ ይባላሉ። ቋሚ መደርደሪያና መጠነኛ ኪራይ ይወሰንባቸው ቢባል የሚጠሉ አይመስለንም። በ1960ዎቹ ደግሞ አምሐ እሸቴ ከሙዚቃ ሱቅ ተነስቶ በስሙ ሸክላ ማሳተም ሲጀምር፣ አሊ አብደላ ካይፋም ካይፋ ሪከርድስን ሲያቆም፣ ዛሬ ዓለም የሚያዳምጠው የዚያ ዘመን ሙዚቃ የወጣው ከሱቅ ነበር። ከጃፓንና ከፈረንሳይ ድረስ እነዚያን ሱቆች ፍለጋ የሚመጣ ሰው አለ። የምናሳየው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ አንድ ጽሑፍ እንኳ የለንም።

ፎቶ ማንሳትን በተመለከተም በየሱቁ በር ላይ ያለው ጥበቃ ሁሉ የራሱን ሕግ ያወጣል፤ ባለሱቁ ፈቅዶ ጥበቃው የሚከለክልበት፣ አንዳንዴም እንግዳው ስልኩን እንዲከፍት የሚታዘዝበት ጊዜ አለ።

እነዚህን ጉዳዮች የምናነሳው ያለ ሕግ መሠረት አይደለም። የአገራችን የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚዳሰሱትን ብቻ ሳይሆን የማይዳሰሱትንም ቅርሶች ያውቃል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011ም ስለ ካሳ ብቻ ሳይሆን ተነሺዎች መልሰው ስለሚቋቋሙበት ሁኔታ የወጣ ነው። አንጥረኛውን ከሱቁ፣ ሱቁን ከደንበኛው ለያይቶ ማስቀመጥ በምን መልኩ መልሶ ማቋቋም እንደሚባል መሥሪያ ቤታችሁ እንዲያብራራልን እንፈልጋለን።

ስለዚህ የሚከተለውን እንጠይቃለን። ከእንግዲህ የትኛውም ነባር የንግድ ሰፈር ከመነካቱ በፊት በውል ስም ብቻ ሳይሆን በየጓዳውና በየደረጃው ሥር የሚሠራው ሰው ሁሉ ከነሙያው ይመዝገብ፤ ለዚህ ሥራ በየሰፈሩ ቤቶቹን የምናውቅ እኛ ያለ ክፍያ አብረን ለመዞር ዝግጁ ነን። እስካሁን የተነሱትን በተመለከተ መሥሪያ ቤታችሁ ያለውን የምደባ መዝገብ መነሻ አድርጎ፣ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ የቀድሞ ሰፈሩንና የአሁን አድራሻውን የያዘ ዝርዝር ለሕዝብ ያውጣ፤ በተነሱባቸው ቦታዎችም ቢያንስ ለአንድ ዓመት የሚቆይ የአቅጣጫ ሰሌዳ ይተከል። ምትክ ቦታ ሲሰጥ አንድ ዓይነት ሙያ ያላቸው በአንድ ላይ፣ በምድር ቤት፣ ለእሳትና ለመዶሻ ሥራ የሚሆን ክፍል ከጀርባ ተጨምሮላቸው ይሰጣቸው። ለረጅም ዓመታት ለቆዩ ቤቶች የሰሌዳው መመሪያ ልዩ ሁኔታ ይፍቀድ፤ የወረዱት ሰሌዳዎችም በመጋዘን ካሉ ለባለቤቶቻቸው ይመለሱ። በሽሮ ሜዳ በእጅ የተሸመነው ልብስ ሸማኔዎቹ ራሳቸው በሚስማሙበት ምልክት እንዲለይ ከማኅበሮቻቸው ጋር ምክክር ይጀመር። የአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ቋሚ ቦታ ይወሰንላቸው። ፎቶ ማንሳትን በሚመለከትም አንድ ግልጽ መመሪያ ወጥቶ በየበሩ ይለጠፍ።

ከሁሉም አስቀድሞ ግን ባለሱቆች፣ ሠሪዎችና እኛ የምንገኝበት አንድ ስብሰባ እንዲጠራ እንጠይቃለን። ለዚህ ደብዳቤ የሚሰጠው መልስ እያንዳንዱን ነጥብ ለየብቻ የሚመለከት፣ የማይቻለውንም ለምን እንደማይቻል የሚገልጽ እንዲሆን፣ እንደ ደብዳቤያችንም በግልጽ እንዲወጣ በአክብሮት እናሳስባለን።

ከሰላምታ ጋር

በአዲስ አበባ በእግር የሚያስጎበኙ አስጎብኚዎች ተወካይ

ግልባጭ፦
ለፒያሳና ለመርካቶ ነባር ነጋዴዎች
ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎችና ሻጮች
በየግቢውና በየደረጃው ሥር ለሚሠሩ የእጅ ባለሙያዎች